አይዳ የማን ልጅ ናት?

የጁሴፔ ቬርዲ ኦፔራ «አይዳ» መጋረጃው ተገልጦ የመጀመሪያው ዘማሪ አፉን ሲከፍት፣ ወሬው ስለ እኛ ነው። ሊቀ ካህናቱ ራምፊስ ወጣቱን መኮንን ራዳሜስን፣ «አዎን፤ ኢትዮጵያዊው ደግሞ ሊዳፈረን ተነሥቷል፣ የዓባይን ሸለቆና ቴብስን ያሰጋል ይባላል» ይለዋል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ቪዲዮውን አቁሜ ወደ ኋላ መለስኩት። ጆሮዬ አልተሳሳተም። ከ150 ዓመት በፊት በጣልያንኛ ተጽፎ፣ ለግብፅ ገዥ ተሸጦ፣ ካይሮ ላይ የተዘመረ ሥራ ገና ከመጀመሩ «ኢትዮጵያዊው ዓባይን ያሰጋል» ነው የሚለው። የዚህን ዘመን ዜና የሚከታተል ሰው ፈገግ ሳይል አያልፋትም።

ስሙን ግን ከኦፔራው በፊት ነው የማውቀው። በተማርኩበት ክፍል ሁለት አይዳዎች ነበሩ። ሁለቱም ስማቸው ከየት እንደመጣ አያውቁም፤ እኔም አላውቅም ነበር። አሁንም በዙሪያችሁ ብትቆጥሩ አንዲት አይዳ አታጡም። ስሙ ግዕዝ አይደለም፣ የቅዱሳን ስምም አይደለም። በዓረብኛ «ተመላሽ» የሚል ትርጉም ያለው ተቀራራቢ ስም አለ፤ እኛ ጋ ያለችው አይዳ ግን፣ የእኔ ግምት ነው፣ በኦፔራው በር የገባች ትመስለኛለች። ግምቴ ልክ ከሆነ፣ አውሮፓውያን በምናባቸው ለፈጠሯት ኢትዮጵያዊት ያወጡትን ስም ለእውነተኛ ልጆቻችን ሰጥተናል ማለት ነው። ይህ ነገር ሲያሳስበኝ ኖሯል።

ኦፔራውን ከዳር እስከ ዳር ለማየት የተቀመጥኩት በጣም ዘግይቼ ነው። ምክንያቱን ልናዘዝ፦ ኦፔራ አይገባኝም ነበር። ያደግኩት ዘፈንን በግጥሙ በሚመዝን ጆሮ ነው። ዜማው ቢያምርም ስንኙ ካልበሰለ «ምን አለው?» ይባላል፤ ድምፁ ሻካራ ቢሆን እንኳ ወርቁ ከተገኘ አድማጭ «ይበል!» ብሎ ይነሣል። ኦፔራ ላይ ነገሩን ተገልብጦ አገኘሁት። ሶፕራኖዋ (ቀጭን ከፍተኛ ድምፅ ያላት ሴት ዘማሪ) ወደ ላይ በወጣች ቁጥር ቃሉ ይሟሟል፣ ድምፁ ብቻውን ይቀራል። ዐይኔ ከግርጌ ትርጉሙን እያሳደደ፣ ጆሮዬ ወደ ላይ እየተንጠለጠለ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል እንደምንም ዘለቅሁ። ሳልጨርስ ያልተነሣሁት ሌላ ሰበብ ኖሮኝ አይደለም፤ ራሴን እየፈለግሁ ነበር። «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል በየጥቂት ደቂቃው እየሰማሁ፣ አሁን ነው ኢትዮጵያ የምትመጣው እያልኩ እጠብቃለሁ።

ታሪኩን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ተማርካ የፈርዖን ልጅ የአምኔሪስ አገልጋይ ሆናለች። ንጉሣዊ ዘሯን ግብፆች አያውቁም። ራዳሜስ ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች፣ አምኔሪስም የምትመኘው እሱኑ ነው። አባቷ አሞናስሮ ሊያስፈታት ጦር ይዞ ይመጣል፤ ራዳሜስ አዛዥ ሆኖ ይዘምትበታል። ሕዝቡ «ድል አድርገህ ተመለስ!» እያለ ሲሸኘው አይዳም አብራ ትጮኻለች። ብቻዋን ስትቀር ነው ከአፏ የወጣው ቃል የሚያስደነግጣት። ድል ይቅናህ ብላ የመረቀችው ሰው የሚወጋው አባቷን ነው።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የድል ሰልፍ አለ፤ ምርኮኞቹ ይገባሉ፤ አይዳ አባቷን ከመካከላቸው ታያለች። እሱም ማንነቱን እንዳትገልጥበት በሹክሹክታ ካስጠነቀቃት በኋላ በፈርዖን ፊት ቆሞ፣ አባቷ እንደሆነ፣ ለአገሩ እንደተዋጋ፣ ንጉሡ ግን ብዙ ቆስሎ ከእግሩ ሥር ወድቆ እንደሞተ ይናገራል። «አገርን መውደድ ወንጀል ከሆነ ሁላችንም ወንጀለኞች ነን» ይላል።

እዚህ ቦታ ላይ ሁለት ስሜት ተጋጨብኝ። አንደኛው፣ ይህ ሰው ኢትዮጵያዊ አይደለም የሚል ነው። በእኛ ወግ ጀግና በጠላት ፊት ሲቆም ይፎክራል፤ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም ይጠራል፣ የጣለውን ይቆጥራል። ፉከራ ማንነትን መደበቂያ ሳይሆን ማወጂያ ነው፦ «እኔ ነኝ፣ የእገሌ ልጅ!» ሁለተኛው ስሜት ግን እየቆየ መጣ። ንጉሡ ራሱ ቆሞ «ንጉሡ ሞቷል» ማለቱ ምንድን ነው? ሰሙ ለፈርዖን፣ ወርቁ ለልጁ። ከአንድ አፍ በወጣ በአንድ ንግግር ሁለት አድማጭ ሁለት ነገር ሰማ። የግጥሙ ጸሐፊ አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ስለ ቅኔ አንዳች የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም ሳያውቅ እኛ ደጃፍ ደርሷል።

የሦስተኛው ክፍል ምሽት ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ዓባይ ዳር፣ በጨረቃ፣ አይዳ ራዳሜስን ትጠብቃለች። ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ከሩቅ እንደ እረኛ ዜማ ይጀምራል፤ እሷ ደግሞ አገሬን ዳግመኛ አላያትም ትላለች። ከዚያ አባቷ ይመጣና መዓዛቸው የሚያውድ ደኖችን፣ ነፋሻ ሸለቆዎችን፣ የወርቅ ቤተ መቅደሶችን ዳግም ታያለሽ ይላታል። ዋጋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የግብፅ ጦር በየትኛው መንገድ እንደሚዘምት ከወዳጇ አፍ አውጥታ እንድትነግረው። እምቢ ስትል ያፈርሳታል። የእናቷን መንፈስ ከመቃብር ጠርቶ ይረግማታል፤ «ልጄ አይደለሽም! የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ!» ይላታል። ወድቃ ስትለምነው ድምፁን ዝቅ ያደርግና፣ የተሸነፈና የተቦጫጨቀ ሕዝብ ዳግም ሊነሣ የሚችለው በአንቺ ብቻ እንደሆነ አስቢ ይላታል።

ጣልያንኛው ላይ «ዳግም ይነሣ» የሚለው ቃል «ሪሶርጄር» ነው። ትርጉሙን ለማጣራት መዝገበ ቃላት ስከፍት ነው ነገሩ የበራልኝ። ጣልያኖች ተበታትነው በባዕድ ሲገዙ ኖረው አንድ አገር የሆኑበትን ዘመን የሚጠሩት «ሪሶርጂሜንቶ» ብለው ነው፤ ዳግም መነሣት ማለት ነው። ቬርዲ የዚያ ዘመን ልጅ ብቻ ሳይሆን ባንዲራው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 በመጀመሪያው የጣልያን ምክር ቤት ወንበር ይዟል። ስሙ ራሱ መፈክር ነበር፤ በጣልያንኛ «ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ የጣልያን ንጉሥ» የሚሉት ቃላት መጀመሪያ ፊደላት ሲገጠሙ «ቬርዲ» ስለሚሰጡ፣ «ቬርዲ ለዘላለም ይኑር!» ብሎ መጮህ ድርብ ትርጉም ነበረው። (ሰምና ወርቅ የእኛ ብቻ ነው የሚል ካለ እዚህ ላይ ትንሽ ይቀመጥ።) ሮም ከጣልያን ጋር የተቀላቀለችው በመስከረም 1870 ነው፤ ቬርዲ «አይዳ»ን የሚጽፈው ያኔ ነው። እናም የተዋረደ ሕዝብ ስለ መነሣቱ የሚናገረውን የራሱን ትውልድ ቃል በኢትዮጵያዊው ንጉሥ አፍ ውስጥ አስቀመጠው።

ኢትዮጵያን ስፈልግ ጣልያንን አገኘሁ። እኛን ለብሰው የቆሙት እነሱ ናቸው።

ይህን ሳይ መጀመሪያ ቅር አለኝ። በኋላ የኦፔራን ታሪክ ሳነብ ግን ነገሩ የአመሉ መሆኑ ገባኝ፤ ኦፔራ ከተወለደ ጀምሮ ሰው ራሱን በሌላ ሰው ልብስ የሚያይበት ጥበብ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ፍሎሬንስ ውስጥ የተሰበሰቡ ምሁራንና ሙዚቀኞች የጥንት ግሪኮች ተውኔታቸውን በዜማ ያቀርቡ ነበር ብለው አምነው፣ ያን የጠፋ ጥበብ መልሰን እናቋቁም አሉ። የግሪኮቹ ዜማ ግን በእጃቸው አልነበረም። የሌለውን ሲያስታውሱ ያልነበረ ነገር ፈጠሩ። ሞንቴቬርዲ በ1607 ማንቱዋ ላይ «ኦርፌዮ»ን አሳየ፤ በ1637 ቬኒስ ውስጥ ከፍሎ መግባት ለሚችል ሁሉ ክፍት የሆነ የኦፔራ ቤት ተከፈተ። ዛሬ «ከኦፔራ የበለጠ ጣልያናዊ ነገር የለም» ይባላል፤ በ2023 ዩኔስኮም የጣልያንን የኦፔራ አዘማመር በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር አስገብቶታል። ሥሩ ግን ግሪክ ለመሆን የተደረገ ሙከራ ነው።

ለቬርዲ የመጀመሪያውን ታላቅ ድል የሰጠው «ናቡኮ»ም እንዲሁ ነው። በ1842 ሚላን ላይ ባቢሎን የተማረኩ ዕብራውያን ስለ ጠፋችው አገራቸው በኅብረት ዘመሩ። ሚላን ያኔ በኦስትሪያ እጅ ናት። ሕዝቡ በመጀመሪያው ምሽት ያን መዝሙር ድገሙት ብሎ አመፅ ሊያስነሣ እንደነበር ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል፤ ተመራማሪዎች ዘግይተው ሰነዶቹን ሲፈትሹ ያን ምሽት የተደገመው ሌላ መዝሙር ሆኖ ተገኘ። አፈ ታሪኩ በኋላ የተሰፋ ነው። ግን አፈ ታሪክ ሲቆይ እውነት ይወልዳል፤ ቬርዲ በ1901 ሞቶ አስከሬኑ ወደ መጨረሻ ማረፊያው ሲዛወር፣ በአርቱሮ ቶስካኒኒ መሪነት በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘማሪዎች የዘመሩት ያንኑ የዕብራውያኑን መዝሙር ነው። በብራሰልስ ደግሞ ነገሩ ከምሳሌ አልፏል፦ ነሐሴ 1830 ስለ ኔፕልስ ዓመፀኞች የሚተርክ የፈረንሳይ ኦፔራ ሲታይ ተመልካቹ ከአዳራሹ ወጥቶ መንገዱን አጥለቀለቀ፤ ቤልጅየም የምትባለው አገር የተወለደችው ከዚያ ሁከት ነው።

ስለዚህ ቬርዲን ለብቻው መክሰስ ከበደኝ። የከፋዩን ጉዳይ ግን በቀላሉ አላልፈውም።

«አይዳ»ን ያዘዘው የግብፁ ኸዲቭ (የአገሪቱ ገዥ ማዕረግ ነው) እስማኤል ነው። ካይሮን እንደ ፓሪስ ሊያደርጋት የተነሣ ሰው ነበር፤ ለስዌዝ ካናል መከፈት ዓመት በ1869 የኦፔራ ቤት አሠራ። ለቬርዲ 150,000 ፍራንክ ከፈለ። ታሪኩን የነደፈው፣ አልባሳቱንና መድረኩን ያቀደው በግብፅ ያገለግል የነበረው ፈረንሳዊ የቅርስ ሊቅ ኦጉስት ማሪየት ነው፤ ፓሪስ በፕሩሲያ ጦር ስትከበብ አልባሳቱም እሱም እዚያው ታግተው፣ ትርኢቱ እስከ ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ዘገየ። ቬርዲ ለመጀመሪያው ምሽት ካይሮ አልሄደም። ተጋባዦቹ ሹማምንትና የውጭ እንግዶች ናቸው፣ የእሱ ሕዝብ የሚላን ነው። በሚላኑ የኦፔራ ቤት በላ ስካላ የታየው ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ የካቲት 1872 ነው።

አሁን እነዚህን ቀኖች ከእኛ ታሪክ አጠገብ አስቀምጧቸው። «አይዳ» ካይሮ ላይ በታየች በወሩ ገደማ፣ ጥር 1872፣ ካሳ ምርጫ አክሱም ላይ ዘውድ ጭኖ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተባለ። በዚያው ዓመት በኸዲቩ የተሾመው ስዊሳዊ ሙንዚንገር ከረንን ያዘ። እስማኤል ወደ ደቡብ እየሰፋ ነበር፤ ምጽዋን አስቀድሞ አግኝቷል፤ የጥንት ግብፅ ኢትዮጵያን ድል ስትመታ በአውሮፓ ምርጥ ሙዚቃ የሚያሳይ ትርኢት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መዝናኛ ብቻ አልነበረም። ፍልስጥኤማዊ አሜሪካዊው ሐያሲ ኤድዋርድ ሰኢድ ይህን ኦፔራ ከግዛት ማስፋፋት ዘመን ነጥሎ መስማት አይቻልም ያለው ለዚህ ይመስለኛል።

ከአራት ዓመት በኋላ የመድረኩን ሰልፍ በእውነት ሊያደርገው ጦሩን ላከ። በ1868 ዓ.ም. (ይህን እንኳ በራሳችን አቆጣጠር ልጻፈው) ኅዳር ላይ ጉንደት፣ ክረምቱ ሳይገባ ደግሞ ጉራዕ። መጀመሪያ የተላከውን ጦር የመራው አሬንድሩፕ የሚባል ዴንማርካዊ ነበር፤ በሁለተኛው ውስጥ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ መኮንኖች ነበሩበት። ሁለቱም ተደመሰሱ። ማንም የድል ሰልፍ ላይ ጥሩምባ አልነፋላቸውም። የእስማኤል ዕዳ በዚያው ሰሞን ካዝናውን ሰበረ፤ በ1879 ከሥልጣን ወረደ። በኦፔራው መጨረሻ አሞናስሮ ሲሸሽ ይገደላል፤ በታሪኩ ግን የሸሸው ሌላ ነው። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ እንደሆነ አልደብቅም። ወገንተኛ አድማጭ ነኝ።

ደስታዬን የምታጎድል አንዲት ቃል ግን ግጥሙ ውስጥ አለች። አይዳ ከራዳሜስ አፍ የምታወጣው ምስጢር «የናፓታ ገደሎች» የሚል ነው። ናፓታ ዛሬ ሱዳን ውስጥ፣ ጀበል ባርካል ከሚባለው ተራራ አጠገብ ያለች የኩሽ መንግሥት ከተማ ናት። ማሪየት የሚያውቃት «ኢትዮጵያ» የጥንት ግሪኮች የጠሯት፣ ከግብፅ ደቡብ ያለችው የኖባና የኩሽ ምድር ናት። አክሱምም ጎንደርም በሐሳቡ አልነበሩም። እንግዲያው አይዳ በዘር ቆጠራ ከተሄደ የሱዳኖች ልጅ ናት፤ እኛ በስም ተመሳሳይነት ልጃችን አድርገናታል። ለኸዲቩ ግን ልዩነቱ ብዙም የሚያስጨንቅ አልነበረም፤ ሁለቱንም ነበር የሚፈልገው።

ወደ ድምፁ ልመለስ፤ ቅሬታዬ የተረፈው እዚያ ነው። ንጉሡም ልዕልቷም ኢትዮጵያዊ በተባሉበት ሥራ ውስጥ ከእኛ ተራሮች የመጣ አንድ ድምፅ የለም። ቬርዲ «ምሥራቅ» የሚያሸት ዜማ ሲያስፈልገው ራሱ ይፈጥራል፤ በመጀመሪያው ክፍል ቤተ መቅደስ ውስጥ የምትዘምረው ካህን ዜማ ጠመዝማዛ የሆነው ለዚህ ነው። እሱም ቢሆን ለግብፆቹ ነው የተሰጠው። ኢትዮጵያውያኑ የሚዘምሩት ንጹሕ ጣልያንኛ ዜማ ነው። ሌላው ጣልያናዊ አቀናባሪ ፑቺኒ እንኳ ቻይና ውስጥ በሚተረከው «ቱራንዶት» ላይ ቢያንስ ከሙዚቃ ሣጥን የሰማውን የቻይናውያን የጃስሚን አበባ ዘፈን ተበድሯል፤ ቻይናውያን ሲሰሙት የሚያውቁት ነገር አለ። በ1998 ያው ኦፔራ ቤጂንግ ውስጥ በነገሥታቱ የቀድሞ ቅጥር በዛንግ ዪሙ አዘጋጅነት ሲታይ፣ የተዋሰው ዜማ በአንድ መልኩ ወደ ቤቱ ገባ። አሞናስሮ ግን የሚመለስበት ዜማ የለውም።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የመለከቱ ነገር ነው። ቬርዲ ለድል ሰልፉ ቀጥ ያሉ ረጃጅም ጥሩምባዎች በልዩ አሠራ፤ ስድስት ናቸው፣ ሦስቱ በአንድ ቅኝት፣ ሦስቱ ከፍ ባለ በሌላ ቅኝት። የመጀመሪያዎቹ ዜማውን ነፍተው ሲጨርሱ ሁለተኞቹ በድንገት ከፍ አድርገው ሲደግሙት፣ ሰማዩ አንድ ደረጃ የተነሣ ይመስላል። ይህን ለጥንት ግብፅ ግርማ ብሎ ነው ያደረገው። በዚያው ዘመን ደግሞ ረጅም ቀጥ ያለ መለከት እያስነፋ፣ ነጋሪት እያስጎሰመ የሚወጣ ሕያው ንጉሥ ነበር፤ ሆኖም የነበረው በኦፔራው ተሸናፊ ተብሎ በተመደበው ወገን፣ በኢትዮጵያ ነው። እንቢልታችን ደግሞ ብቻውን ዜማ አይወጣውም፤ አንዱ ነፊ ያለውን አንድ ሁለት ድምፅ ሰጥቶ ይተዋል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ዜማው በመካከላቸው ይወለዳል። ቬርዲ ሰምቶት ቢሆን ምን ያደርግበት ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ቅሬታዬን ይዤ ሳዳምጥ ወደ አዘርባጃኗ ከተማ ባኩ የወሰደኝ አጋጣሚ ነው። ኡዜይር ሐጂበይሊ የሚባል የ22 ዓመት ወጣት በ1908 «ለይላና መጅኑን» የሚል ኦፔራ አሳየ፤ ግጥሙ ከጥንቱ ባለቅኔ ከፉዙሊ የተወሰደ ነው። ይህ ሰው ያደረገው ነገር ድፍረት ነው። የአውሮፓን ኦርኬስትራ ወሰደ፣ ከመካከሉ ታር የሚባለውን የአገሩን ባለ አውታር መሣሪያ አስቀመጠ፣ ነጠላ ዘማሪዎቹ ጋ ሲደርስ ደግሞ ኖታ መጻፉን ተወ። እዚያ ቦታ ላይ የሚጻፈው የሙጋሙ፣ ማለትም የአገሩ ባህላዊ የዜማ ሥርዓት፣ ዓይነት ስም ብቻ ነው። ዘማሪው ሙጋሙን ከአባቶቹ እንደተማረው በዚያ ምሽት ልቡ እንዳዘዘው ያወርደዋል፤ ኦርኬስትራው ይጠብቀዋል። ሴት መድረክ ላይ መውጣት ነውር ስለነበር ለይላን የተጫወተው ወንድ ነው። ማለትም ቅርጹም፣ ልብሱም፣ ጾታውም የተዋሰ ነው። መቃኛው ግን በባለቤቱ እጅ ነው። ሰምቼው ስጨርስ አንድ ቃል አልገባኝም፤ የማን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም።

ቼኮችም ደስ የሚል ተቃርኖ አላቸው። የቼክ ብሔራዊ ሙዚቃ አባት የሚባለው ስሜታና በጀርመንኛ ነው ያደገው፤ ቼክኛን በወጉ መጻፍ የተማረው ጎልማሳ ሆኖ ነው፣ በደብዳቤዎቹም ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። በፕራግ ብሔራዊ ቴአትር በሕዝብ መዋጮ ተሠርቶ በ1881 በእሱ ኦፔራ በተከፈተ በሁለት ወሩ ተቃጠለ፤ ሕዝቡ በ47 ቀን እንደገና አዋጣ፤ በ1883 ዳግም ተከፈተ። ከመድረኩ በላይ «ሕዝቡ ለራሱ» ተብሎ ተጽፎበታል። ራሱን የሚገልጽበትን ቋንቋ ሰው ካደገ በኋላም ሊማረው ይችላል ማለት ነው፤ ይህን ሳነብ ኦፔራ መስማት ዘግይቼ የጀመርኩት እኔ ትንሽ ተጽናናሁ። ቻይናውያን የአገር ምልክት ያደረጉት የቤጂንግ ኦፔራም ቢሆን የቤጂንግ ተወላጅ አይደለም፤ በ1790 ለንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ሰማንያኛ ልደት ከአንሁይ የመጡ ተጓዥ ቡድኖች ይዘውት ገብተው እዚያው የቀሩበት ነው።

እኛም ብንሆን ከዚህ ውጭ አይደለንም። በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች የነሐስ ጥሩምባቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በሌላ ሰው መከራ በር የገባው መሣሪያ ውሎ አድሮ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን ተማረ። ዛሬ በሳክስፎን የተነፋ ትዝታ ሰምቶ «ይህ የፈረንጅ ነው» የሚል ጆሮ የለንም። ኦፔራ ግን በዚያ በር አልገባም። መሣሪያውን ቃኝተነዋል፤ ታሪኩ ግን ቬርዲ እንደተወው ነው።

ስለ ዘማሪዎቹ አንድ ነገር ካላልኩ ይቆጨኛል። ለመቶ ዓመት በላይ አይዳን የሚዘምሩ ነጭ ሶፕራኖዎች ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ይቀቡ ነበር። ይህ ልማድ አሁንም አልሞተም፤ በ2022 በቬሮና አሬና ስለ ተቀባ ፊት በተነሣ ክርክር ጥቁር አሜሪካዊቷ ሶፕራኖ ኤንጀል ብሉ እዚያው ልትዘምር ከነበረው ሌላ ትርኢት ራሷን አግልላለች። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ከሚሲሲፒ የወጣችው ሊዮንታይን ፕራይስ አለች። ጥር 3 ቀን 1985 በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የመሰናበቻ ትርኢቷን በአይዳ አደረገች። የዓባይ ዳሩን ዘፈን ስትጨርስ አዳራሹ ለደቂቃዎች አጨበጨበ፤ ካሜራው ከፊቷ አልተነሣም። ገጸ ባሕሪዋን ላለመልቀቅ ትታገላለች፣ ፊቷ ግን እምቢ ይላታል። «አገሬ፣ ዳግመኛ አላይሽም» የሚለው ቃል በዚያ ሰዓት የኢትዮጵያም የጣልያንም አይደለም፤ ቅድመ አያቶቿ በመርከብ ተጭነው የተወሰዱባት ሴት ነው የምትዘምረው። ያ ጭንብል ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ የሆነው ለእሷ ሳይሆን አይቀርም።

የካይሮው ኦፔራ ቤት በጥቅምት 1971፣ «አይዳ» መቶ ዓመቷን ልትደፍን ሁለት ወር ሲቀራት ተቃጠለ። አብዛኛው ከእንጨት የተሠራ ነበር። ቦታው ላይ የመኪና ማቆሚያ ተሠራ፤ አደባባዩ ግን እስከ ዛሬ «ኦፔራ» ነው የሚባለው።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ከክፍላችን ሁለት አይዳዎች አንዷን አፈላልጌ የሦስተኛውን ክፍል ቪዲዮ፣ የዓባይ ዳሩን፣ ከነትርጉሙ ላክሁላት። ሁለት ቀን ዝም አለች። ሦስተኛው ቀን ማታ መልእክት ገባ፦

«አባትየው እናቷን ከመቃብር አስነሥቶ እንድትረግማት አደረገ። እናትየዋ ግን አንድ ቃል አልተናገረችም እኮ። እሷንስ ማን ጠየቀ?»

እውነቷን ነው። ኦፔራውን ስንት ጊዜ ሰምቼ አላስተዋልኩትም። እናቲቱ በአባት አፍ ውስጥ ብቻ ነው ያለችው። እሺ፣ ብትናገር በየትኛው ቅኝት ትናገር ነበር ብዬ ጻፍኩላት፤ እኔ በልቤ ትዝታ ብዬ ነበር።

«አንቺ ሆዬ ነዋ» ብላ መለሰችልኝ። «ልጇን አይደል የምትጠራው?»